የማን ፊት ነው የተቀየረው?

የተከበራችሁ መምህራን፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

አንብቦ መረዳትን ስለ ማስተማር ላወራችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ይዤ መጥቻለሁ። «ልጅቷ እናቷን ስታይ ፊቷ ተቀየረ።» የማን ፊት? የልጅቷ ወይስ የእናትየዋ?

እኛ ስናነብ እዚህ ጋ ማሰባችን እንኳ አይታወቀንም። ወደ ቀጣዩ እናልፋለን። «እንባዋን ዋጥ አድርጋ ልጇን አቀፈቻት» ይላል። አሃ፣ የእናትየዋ ሳይሆን አይቀርም። ይሄ ሁሉ የሚያልቀው ጭንቅላታችን ውስጥ ነው። ተማሪው የሚያየው መምህሩ አንብቦ እንደገባው ብቻ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ሥራው የእኛ ነው። ጮክ ብለን እናስባለን። «ቆይ፣ ግራ ገባኝ፤ ወደ ኋላ ልመለስ» እንላለን። መምህርም ግራ ይገባዋል ለካ! ልጆቹ ይህን ሲያዩ ደስ ይላቸዋል።

ከዚያስ? እኔ ለዓመታት የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። አንዴ አሳያቸውና «በሉ፣ ከ1 እስከ 10 ያሉትን ጥያቄዎች ሥሩ» እላለሁ። ጎበዞቹ ይሠራሉ፤ ሌሎቹ ከጎበዞቹ ይገለብጣሉ። እኔም አርሜ፣ ማርክ መዝግቤ፣ አስተማርኩ ብዬ እወጣለሁ። ስፈትን ነው እንጂ ሳስተምር አልነበረም።

ብቻዬን አለመሆኔ ትንሽ ያጽናናኛል። ዶሎረስ ደርኪን የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ የ4ኛ ክፍል የንባብ ትምህርቶችን ተከታትላ ነበር። ከ4,469 ደቂቃ ውስጥ አንብቦ መረዳትን ለማስተማር የዋለው 20 ደቂቃ ገደማ ነው። ጥያቄና መልመጃ ግን ሞልቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 ፒርሰንና ጋላገር የተባሉ ተመራማሪዎች «ኃላፊነትን ቀስ በቀስ ማሸጋገር» የሚለውን ሐሳብ፣ ማለትም ሥራውን ከመምህሩ ወደ ተማሪው ማስረከብን፣ ሲያቀርቡ፣ ዋናው ቁም ነገር «ቀስ በቀስ» የምትለዋ ነች። እኛ የምንዘላት እሷን ነው።

እኛ በማሳየታችንና እነሱ ብቻቸውን በመሥራታቸው መሀል ያለው ምን ይመስላል? አምስት ስድስት ልጆች ይቀመጣሉ። አንዷ የመምህሩን ቦታ ትይዛለች። ትጠይቃለች፣ ያልገባቸውን ታነሳለች፣ ያነበቡትን ታሳጥራለች፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ትገምታለች። በመጀመሪያው ቀን ጥያቄዋ «ልጅቷ ማንን አየች?» ነው። መልሱ እዚያው ተጽፏል። ችግር የለም። ጠጋ ብላችሁ «እስቲ ደግሞ ለምን ብለሽ ጠይቂ» በሏት። በሌላ ቀን «እስቲ ደግሞ» ብቻ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ምንም አትሏትም።

ከባዱ ይህ ዝምታ ነው። ልጅ አንድ ቃል ላይ ሲቆም ምላሳችንን ይበላናል። ሁለት ሰከንድ ሳንታገስ እንነግረዋለን። እሱም መጠበቅን ይለምዳል፤ የሚጠብቀው እኛን ነው።

ደግሞ ያስረከባችሁትን መልሳችሁ መረከብ ሽንፈት አይደለም። ተረት ብቻውን አንብቦ የሚረዳ ልጅ ስለ ደም ዝውውር የተጻፈ ገጽ ላይ ሊሰጥም ይችላል። ያኔ እንደገና ጮክ ብላችሁ አስቡለት።

በቅርቡ ያቺኑ ዓረፍተ ነገር ለአንድ ቡድን ሰጥቼ ዳር ቁጭ አልኩ። ተከራከሩ። መልሱን ልነግራቸው ስል ራሴን ያዝኩ። ሁልጊዜ ዝም የሚል አንድ ልጅ ቀና አለና «የሁለቱም ቢሆንስ?» አለ።

እኔ ይህን አስቤው አላውቅም ነበር። አመሰግናለሁ።