ርዝመት ስም አይሆንም፦ ኮፔፖድን በአካልና በጂን መለየት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ይህን የምቀዳው ባሕር ዳር ነው፤ ሐሳቤ ግን ሰሜን አትላንቲክ ላይ ነው። እዚያ ካላኑስ የሚባሉ፣ ጥቂት ሚሊሜትር የሚያህሉ ኮፔፖዶች አሉ፤ ኮፔፖድ ማለት የሽሪምፕ ዘመድ የሆነ፣ ውሃ ውስጥ የሚኖር ደቃቅ እንስሳ ነው። ስብ ያከማቻሉ፤ ስንት ዓሣና ስንት የባሕር ወፍ የሚኖረው እነሱን በልቶ ነው።

ከእነሱ ውስጥ ካላኑስ ፊንማርኪከስና ካላኑስ ግላሲያሊስ እጅግ ይመሳሰላሉ። ግላሲያሊስ የአርክቲክ ናት፤ ብዙውን ጊዜ ትገዝፋለች፣ ስቧም ይበልጣል። ስለዚህ ለረጅም ዘመን የፊት አካላቸው ርዝመት እየተለካ አጭሯ ፊንማርኪከስ፣ ረጅሟ ግላሲያሊስ ተብላ ስትመዘገብ ኖራለች። ርዝመት ግን በውሃው ሙቀትና በምግብ ይወሰናል፤ ቅዝቃዜ ውስጥ ያደገችው ትረዝማለች፣ ሞቅ ያለ ቦታ ያደገችው ታጥራለች። ጂናቸው ሲመረመር ግላሲያሊስ በኖርዌይ ፊዮርዶች (ወደ የብስ ዘልቀው በገቡ ጠባብ የባሕር ክንዶች) ውስጥ ከሚታሰበው በላይ ወደ ደቡብ ወርዳ ተገኘች። ይሄ ነገር በጣም ያሳስበኛል፤ ባሕሩ ሲሞቅ የትኛዋ የትኛዋን እየተካች ነው የምንለው በእነዚያ ቆጠራዎች ተመርኩዘን ነውና።

የግላሲያሊስ አንቴና ቀይ ነው የሚል መለያም ነበር። ቀለሙ እንደየቦታው ይለያያል፤ ኢታኖል ውስጥ ሲቆይ ደግሞ ይጠፋል።

ታዲያ ጂን ብቻ ይበቃል? አይበቃም። ለመለያ የተለመደው ሲኦአይ የሚባለው የማይቶኮንድሪያ ጂን ሲሆን፣ የሚነበበው 658 የዲኤንኤ ፊደል ያህል ነው። ማይቶኮንድሪያ ከእናት ብቻ ስለሚወረስ ድቅል ቢኖር አያሳየንም፤ ለዚያ የኒውክለስ ጂን ያስፈልጋል። አንዳንዴም የዚሁ ጂን የሞተ ቅጂ ኒውክለስ ውስጥ ይገኝና አንባቢውን ያሳስታል። ንባቡ መሐል የማቆሚያ ኮድ፣ ማለትም ፕሮቲን መሥራቱ እዚህ ያብቃ የሚል ምልክት፣ ካያችሁ ጠርጥሩ።

እኔ የማምንበት አሠራር አንዲቷን እንስሳ በሁለቱም መንገድ ማየት ነው። ናሙናው ከመረብ እንደወጣ 95 በመቶ ኢታኖል ውስጥ ይግባ፤ በማግስቱ ኢታኖሉ ይቀየር፣ ከእንስሳቱ የሚወጣው ውሃ ያቀጥነዋልና። ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል አይሆንም፤ ፎርማሊን ደግሞ ዲኤንኤውን ያበላሸዋል። ከዚያ ፎቶ አንሱ፣ ለኩ፣ ቁጥር ስጡ። ከዚህ በኋላ ነው አንድ አንቴና የሚቆረጠው። ሙሉ አካሏን ከፈጫችሁ ሆዷ ውስጥ ያለው ምግብ ዲኤንኤ አብሮ ይገባል፤ ይባስ ብሎ ተመልሶ የሚታይ አካል አይተርፍም።

አንቴናው 25 ሚሊሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ በ95 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ይሞቅ፤ ሲበርድ እኩል መጠን ያለው 40 ሚሊሞላር ትሪስ፣ ማለትም ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱን የሚያለዝብ ፈሳሽ፣ ይጨመርበት። ፒሲአር፣ ማለትም ጂኑን የማባዛት ሥራ፣ ስትሠሩ ዲኤንኤ የሌለበት አንድ ቱቦ አብሮ ይግባ፤ ውጤቱ ሲታይ እሱ ላይ የዲኤንኤ መስመር ከወጣ የዚያን ቀን ውጤት ሁሉ ጣሉት።

የቀረው አካል ግሊሰሪን ጠብታ ላይ ይቀመጥና አምስተኛው ጥንድ እግር በቀጭን መርፌ ይነቀል። ፊንማርኪከስን ከሌላ ዘመዷ ከካላኑስ ሄልጎላንዲከስ የሚለየው እዚያ ነው፦ የእግሩ መነሻ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ያለው የጥርስ ረድፍ በመጀመሪያዋ ቀጥ ይላል፣ በሁለተኛዋ ወደ ውስጥ ይጎብጣል። እግሩ በጎን ከተኛ ቀጥ ያለውም የጎበጠ ይመስላል፤ ጠፍጥፎ ማስተኛት ግድ ነው።

ጣና ላይ ይህን መሞከር ለምትፈልጉ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ቴርሞዲያፕቶመስ የሚባለው የእኛ ሐይቅ ኮፔፖድ ወንዱ የሚለየው በቀኝ አምስተኛ እግሩና በቀኝ አንቴናው ነው። የምትቆርጡት የግራውን ይሁን።