ለመጀመሪያ ጊዜ ዓሣ ለማጥመድ፦ ትንሽ መንጠቆ፣ ቀጭን ክርና የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ

[ምስል፦ ማለዳ፤ የሐዋሳ ሐይቅ፤ ጀልባዎች ወደ አሞራ ገደል ሲገቡ]

ጤና ይስጥልን፣ ተመልካቾቻችን። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሐዋሳ የደረሰ ሰው ማለዳ በሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ጎራ ቢል፣ ሌሊቱን በሐይቁ ላይ ተዘርግቶ ባደረ መረብ የተያዘው ዓሣ በጀልባ ሲገባ፣ ወጣቶች በቢላዋ ቅርፊቱን ሲገፉና አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራ መሳይ ወፎች የሚጣልላቸውን አንጀት ሲሻሙ ያያል። የዛሬው ማብራሪያችን ግን ስለ መረብም ስለ ንግድም አይደለም። መንጠቆ በእጁ ይዞ ለማያውቅ፣ ነገር ግን አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከሐይቁ ዳር ተቀምጦ በገዛ እጁ አንድ ዓሣ ለማውጣት ለሚመኝ ሰው የተዘጋጀ ነው።

በሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ ለምግብ የሚፈለጉት በዋናነት ሦስት ናቸው፤ ቆሮሶ፣ አምባዛና ቢልጫ። ለጀማሪ የሚመቸው ቆሮሶ ነው፤ የጣና አካባቢ ሰው ቀረሶ፣ የከተማ ምግብ ቤት ደግሞ ቲላፒያ የሚለው ያው ዓሣ ነው። ከዳርቻው ብዙም ስለማይርቅ ጀልባ መከራየት አያስፈልግም፤ በብርሃን ስለሚመገብም እንደ አምባዛ ሌሊትን መጠበቅ አይጠይቅም። ዋነኛ ምግቡ በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፈው ደቃቅ አልጌ ቢሆንም፣ ትልና የተለወሰ ሊጥ ሲቀርብለት አይንቅም።

ስለ ቆሮሶ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ትልቁ ነገር አፉ ትንሽ መሆኑ ነው። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ቀን ይህን ሳላውቅ፣ ጠንካራ የመሰለኝን ወፍራም መንጠቆ ይዤ ግማሽ ቀን ተቀመጥሁ፤ ትሉ በተደጋጋሚ እየተላጠ ባዶ መንጠቆ ስስብ ውዬ፣ ከጎኔ የነበሩ አንድ አዛውንት አጥማጅ የራሳቸውን ደቃቅ መንጠቆ አውጥተው ሲሰጡኝ ነው ነገሩ የገባኝ። ዓሣው ከመጀመሪያውም እዚያው ነበር፤ ያቀረብሁለት ግን ከአፉ የሚበልጥ ብረት ነበር። ስለዚህ ገንዘባችሁን ውድ በሆነ ዘንግ ላይ ከማዋላችሁ በፊት ትክክለኛውን መንጠቆ መምረጥን ተማሩ እላለሁ።

[ምስል፦ በመዳፍ ላይ ሦስት መንጠቆዎች፣ ከትልቅ ወደ ትንሽ]

መንጠቆ ሲገዛ የሚያደናግር አንድ ነገር አለ። በተለመደው አቆጣጠር ቁጥሩ በጨመረ መጠን መንጠቆው እያነሰ ይሄዳል፤ 12 ቁጥር ከ8 ቁጥር ያንሳል ማለት ነው። ለቆሮሶ ከ8 እስከ 12 ያለው ይስማማል። ክሩ 0.20 ወይም 0.25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ናይለን ቢሆን ይበቃል፤ ወፍራም ክር ለእጅ ቢያስተማምንም በጠራ ውሃ ውስጥ ለዓሣው ዓይን ይጋለጣል፤ ትሉም በተፈጥሮው እንዳይንቀሳቀስ ያደርገዋል። ከመንጠቆው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ የምስር ፍሬ የምታህል፣ ከእርሳስ ብረት የተሠራች ክብደት ክሩ ላይ ትቆነጠጣለች፤ ከእርሷም በላይ የቡሽ ቁራጭ ወይም የደረቀ የደንገል አገዳ ለተንሳፋፊነት ይታሰራል። ዘንጉ ሦስት ሜትር ያህል የሆነ ቀጥ ያለ ሸምበቆ ቢሆን ለመጀመሪያው ዓመት ሌላ አያስመኝም።

አሁን ወደ ቋጠሮው እንምጣ፤ ጀማሪ ዓሣ ከሚያመልጥበት ምክንያት አንዱ ክሩ መበጠሱ ሳይሆን ቋጠሮው መፈታቱ ነውና፣ እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንቆይ።

[ምስል፦ በጣም ቀርቦ፤ ሁለት እጆች፣ መንጠቆና ክር]

የክሩን ጫፍ በመንጠቆው ቀዳዳ አሳልፋችሁ አንድ ጋት ያህል ሳቡት። ከዚያም ይህን ጫፍ በዋናው ክር ዙሪያ ከአምስት እስከ ሰባት ጊዜ ጠምዝዙት። ጥምዘዛው ሲያበቃ ከመንጠቆው ቀዳዳ አጠገብ ትንሽ ክፍተት ተፈጥሮ ታያላችሁ፤ ጫፉን በዚያ ክፍተት አስገቡ። ከማጥበቃችሁ በፊት ቋጠሮውን በምራቅ ወይም በሐይቁ ውሃ አርጥቡት፤ ደረቅ ናይለን እርስ በርሱ ሲፋተግ ስለሚግል እዚያው ላይ ይደክማል። ከዚያ ዋናውን ክር ቀስ ብላችሁ ስትስቡ፣ ጥምዝዞቹ አንዱ ባንዱ ላይ ሳይደራረቡ ተርታቸውን ጠብቀው ወደ ቀዳዳው ይሰበሰባሉ። ከተደራረቡ ቆርጣችሁ እንደገና ጀምሩ። ከቤት ሳትወጡ ሃያ ጊዜ ብትለማመዱት በሐይቁ ዳር ነፋስ ሲመጣ እጃችሁ ራሱ ያስታውሰዋል።

ቦታ ስትመርጡ ሸምበቆና ደንገል ከክፍት ውሃ ጋር የሚገናኝበትን ጠርዝ ፈልጉ፤ ዓሣው መጠለያም ምግብም የሚያገኘው እዚያ ነውና። ብዙውን ጊዜ ማለዳ ውሃው ረግቶ ይቆያል፤ ከሰዓት በኋላ ግን ነፋሱ ሲነሣ ተንሳፋፊውን መከታተል ያስቸግራል። እግራችሁን በኃይል አትርገጡ፤ ጥላችሁም ውሃው ላይ እንዳይወድቅ ተጠንቀቁ። ትሉን መንጠቆው ላይ ስትሰኩ ጫፉ እንዲንቀሳቀስ ጥቂት ትርፍ ተዉለት፤ በጣም ከረዘመ ግን ዓሣው ትርፉን ብቻ ነክሶ ይሄዳል። ተንሳፋፊውን ወደ ላይና ወደ ታች እያንሸራተታችሁ ማባበያው ከሐይቁ ወለል ጥቂት ጣት ከፍ ብሎ እንዲንጠለጠል አድርጉ።

ቆሮሶ ሁልጊዜ ቡሹን ወደ ታች አይጎትትም። አንዳንዴ ቡሹ ሁለት ሦስቴ ይርገበገባል፣ ከዚያ በጎን እንደ መራመድ ይላል፤ ያን ጊዜ ነው በእጅ አንጓችሁ ብቻ ሳብ የምታደርጉት። በሙሉ ክንድ መንጭቃችሁ ከሳባችሁ ስስ የሆነው ከንፈሩ ይቀደዳል።

[ምስል፦ ዓሣው ከውሃ ሲወጣ]

ዓሣው ሲወጣ እጃችሁን አርጥባችሁ፣ ከራሱ ጀምራችሁ ወደ ጭራው እያሻሻችሁ የጀርባውን እሾህ አስተኙ፤ በተቃራኒው የያዘው ሰው መዳፉ ይወጋል። ከስንዝር ካነሰ መልሱት። የቆሮሶ ሴት እንቁላሏን በአፏ ይዛ የምታስፈለፍል፣ ጫጩቶቿንም በአፏ የምትሸሽግ ፍጥረት ናት፤ በዚያ ወቅት እምብዛም ስለማትበላ በመንጠቆ መያዟ ብርቅ ቢሆንም፣ ከአፏ ቢጫ እንቁላል ሲፈስ ካያችሁ ፈጥናችሁ ወደ ውሃው መልሷት። በዓቢይ ጾም የዓሣ ፈላጊ ሲበዛ ገና ያልደረሰው ሁሉ ለገበያ ሲቀርብ ማየት ያሳዝነኛል፤ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይራባ የተበላ ዓሣ ለቀጣዩ ዓመት የሚተወው የለምና።

የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጦ ውሃ ውስጥ በመበተን ዓሣን ማደንዘዝ በብዙ ወንዞቻችን የቆየ ልማድ ነው። ትልቁን ከትንሹ ሳይለይ ስለሚጨርስ እንዲህ ያለውን አታድርጉ፤ ሲደረግም ዝም አትበሉ። የአገራችን የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ነው፤ አፈጻጸሙ ግን እንደየክልሉ ስለሚለያይ፣ ከመጀመራችሁ በፊት የአካባቢውን የግብርና ጽሕፈት ቤት ስለ ፈቃድ ጠይቁ።

ስለ ራሳችሁ ደኅንነትም ሁለት ነገር ልበል። በሐይቁ ዳር ቢልሃርዚያ፣ ማለትም ውሃ ውስጥ በቆዳ በኩል የሚገባ ጥገኛ ትል የሚያመጣው በሽታ፣ ስላለ፣ ተሸካሚው ቀንድ አውጣም በሣርና በሸምበቆው መካከል ስለሚኖር፣ ውሃ ውስጥ ቆማችሁ አታጥምዱ። ጉማሬዎች ደግሞ ሲመሽ ለግጦሽ ወደ ዳር ስለሚወጡ ፀሐይ ሳትጠልቅ ዕቃችሁን ሰብስቡ። አርባ ምንጭ ሄዳችሁ በጫሞ ወይም በአባያ ለማጥመድ ካሰባችሁ ግን አዞ ስላለ፣ ያለ አካባቢው ሰው ወደ ውሃው ጠርዝ ባትጠጉ ይሻላል።

ለምግብ ያስቀራችሁትን ዓሣ ራሱን በእንጨት መትታችሁ ቶሎ ግደሉት፤ ሲፈራገጥ መተዉ ሥጋውንም ያበላሻል። ሆዱን እዚያው ክፈቱና አንጀቱን አውጡ፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁም ከፀሐይ አርቁት። በሐዋሳ ጥሬ ዓሣ በአዋዜ መብላት የተለመደ ቢሆንም፣ በሐይቅ ዓሣ ውስጥ ጥገኛ ትል ስለሚገኝ እኔ ጉላሹን ወይም በደንብ የበሰለውን ጥብስ እመርጣለሁ። ስትነሡም የተቆረጠውን ክር አንድ ሳታስቀሩ ጠቅልላችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱ፤ ናይለን በቀላሉ ስለማይበሰብስ በአባ ኮዳዎቹ እግር ላይ ተተብትቦ ይቀራል።