«ዘሯ ነው» ከማለታችን በፊት

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ፤ የማነሳውም የታላቅ እህቴን ቁመት ነው።

እትዬ ከታናናሾቿ ከሁላችንም አጭር ናት። ቆቦ ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር ይህ ወሬ ይነሳል፤ አንዱ የአባቴን አክስት መስላ ነው ይላል፣ ሌላው ወደ እናቴ አያት ይወስዳታል፣ በመጨረሻ «ዘር ከልጓም ይስባል» ይባልና ወደ ሁለተኛው ቡና ይታለፋል። እኔም ለብዙ ዓመታት አምኜው ኖርኩ። ስለ ሰው ልጅ እድገት ማንበብ ስጀምር ግን ማንም አስልቶት የማያውቀውን ነገር አሰላሁ፦ እትዬ የተወለደችው በ1975 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ነው። የ1977ቱ ረሃብ ሲከፋ ገና ሁለት ዓመት አልሞላትም ነበር። እኛ ሌሎቹ የተወለድነው ከዚያ በኋላ ነው።

ዘር ቁመት ላይ ትልቅ ድርሻ እንዳለው አልክድም። እያንዳንዳችን ከእናት 23፣ ከአባት 23 ክሮሞዞም ወርሰናል፤ ጠግቦ በሚያድር ሕዝብ ውስጥ በሰዎች መካከል ከሚታየው የቁመት ልዩነት 80 በመቶ ያህሉ ከዘር ጋር የተያያዘ ነው። ነገር ግን «ጠግቦ በሚያድር» የሚለው ቃል እዚህ ላይ እንዳይረሳ እለምናለሁ። የቆቦ ገበሬ ይህን ከማንም በተሻለ ያውቀዋል፤ ከአንድ የማሽላ ራስ የተገኘውን ዘር ግማሹን ጎርፍ በሚገባበት ማሳ፣ ግማሹን ጭንጫ ላይ ቢዘራው፣ በጭንጫው ላይ የቀጨጨውን አገዳ አይቶ ዘሩን አይወቅስም። የዚያን ረሃብ ተራፊዎች ካደጉ በኋላ ያጠኑ ተመራማሪዎች እንዳገኙት፣ ረሃቡ ጣራ በነካበት ጊዜ ሦስት ዓመት ያልሞላቸው የነበሩ ልጆች ከታላላቆቻቸው ጋር ሲነጻጸሩ ቢያንስ በ5 ሴንቲ ሜትር አጥረው ቀርተዋል። ይህን ሳነብ፣ የአባቴን አክስት በከንቱ ስናማት እንደኖርን ገባኝ።

ነገሩ በቁመት ብቻ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 45 ክረምት ኔዘርላንድስ ውስጥ በጦርነቱ ምክንያት ረሃብ ገብቶ ነበር። በዚያ ወቅት የተፀነሱ ሰዎች ከስድሳ ዓመት በኋላ ሲመረመሩ፣ ከእድገት ጋር የተያያዘ አንድ ዘረ መል ላይ ያለው ኬሚካዊ ምልክት፣ ረሃቡ ካልነካቸው ወንድምና እህቶቻቸው አንሶ ተገኝቷል፤ ጽሑፉ ያው ነው፣ የሚነበብበት መንገድ ግን ተለውጧል ማለት ነው። ሴት ልጅ የእንቁላል ሕዋሳቷን ይዛ የምትወለድ መሆኗንም እዚህ ላይ ላስታውስ። በ1977 እትዬ በእናቴ ጀርባ ላይ ታዝላ ስትጓዝ፣ ከሠላሳ ሁለት ዓመት በኋላ የምትወልዳት ልጅ ግማሽ መነሻ አብሮ ታዝሎ ነበር። ይህን ያህል ስል፣ ረሃቡ ያቺን ልጅ ያለ ጊዜዋ አስወለዳት ማለቴ አይደለም፤ ያለ ጊዜ መወለድ ብዙ ምክንያት አለው።

ልጅቷ ግን ያለ ጊዜዋ ተወለደች፤ በ2009 ዓ.ም.፣ በ33ኛው ሳምንት፣ 1,700 ግራም ሆና፣ ደሴ ውስጥ። ከጠያቂዎቹ አንዷ አየቻትና «እንደ እናቷ ናት፣ ዘሯ ነው» አለች፤ እትዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እናቴ እጇን ያዘቻትና «አብሽሪ» አለቻት፣ ሌላ አልጨመረችም። በዚያ ጊዜ ውጭ የሚጠብቃትን ብርድ የምትቋቋምበት ስብ ገና በሕፃኗ ሰውነት ላይ አልነበረም። አዋላጅ ነርሷ መጥታ የእትዬን ቀሚስ ከፈተች፤ ሕፃኗን ከኮፍያ፣ ከካልሲና ከዳይፐር በስተቀር ራቁቷን በሁለቱ ጡቶች መካከል ቀጥ አድርጋ አስተኛቻት፣ ትንፋሿ እንዳይታፈን ጭንቅላቷን ወደ ጎን መለሰች፣ ከላይ በነጠላ አጥብቃ አሰረችው። የካንጋሮ እንክብካቤ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1978 ኤድጋር ሬይ የተባሉ ሐኪም ኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ውስጥ ማሞቂያ መሣሪያ ባይበቃቸው የጀመሩት ነው፤ ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት መሣሪያ ሞልቶ በተረፈበት አገርም ጭምር ይመክረዋል። እትዬ ሲደክማት እናቴ ተተካች። ነርሷ ልታሳያት ስትጠጋ እናቴ በትሕትና «ይህንስ ኮረም ላይ አውቀዋለሁ፣ ልጄ» አለቻት።

ስለ እናትና ልጅ ትስስር የሚነገረው ትልቁ ንድፈ ሐሳብ ምንጩ አውሮፓና አሜሪካ ብቻ ይመስለን ይሆናል። ከንድፈ ሐሳቡ መሥራቾች አንዷ የሆኑት ሜሪ አይንስወርዝ ግን እናቶችንና ሕፃናትን በየቤታቸው እየሄዱ ማየት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ ኡጋንዳ ውስጥ፣ በካምፓላ ዙሪያ ባሉ መንደሮች ነው። ካገኙት ሁሉ እኔን የያዘኝ አንድ ነገር ነው፦ በእናታቸው ላይ እምነት የጣሉ ሕፃናት እናቶች፣ ስለ ልጃቸው ሲጠየቁ ዝርዝሩን አሟልተው የሚናገሩ ነበሩ። ልጁ መቼ እንደሚነቃ፣ ምን እንደሚያስደነግጠው፣ ማን ሲያነሳው ዝም እንደሚል ያውቁታል።

የእናቴን የደሴውን ቃል ይዤ ይህን ያህል ዓመት ስቀመጥ አንድም ቀን አልጠየቅኋትም ነበር። ባለፈው ሳምንት ደወልኩላት። ያኔ የወሎ ክፍለ ሀገር በነበረችው ኮረም፣ መጠለያው ውስጥ፣ ሌሊቱ ቆቦ ከለመደችው ብርድ ጋር የማይወዳደር እንደነበር ነገረችኝ። እትዬን ከጋቢው ስር፣ ከቀሚሷም ውስጥ አስገብታ ደረቷ ላይ ታስተኛት ነበር። በግራ ጎኗ ካልሆነ እንደማትተኛ፣ ጡቱ ደርቆም ቢሆን በአፏ ካልያዘችው እንደማትረጋ፣ አራት የላይ ጥርስና ሁለት የታች ጥርስ እንደነበራት፣ ሌሊት የሚያስል ሰው በሰማች ቁጥር እየባነነች የእናቴን አንገት በጣቶቿ ትፈልግ እንደነበር፣ አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩል ዘረዘረችልኝ።