አራተኛው ስሜ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ሻይዬን ይዤ ተቀምጫለሁ። የጎረቤት ውሻ ከጮኸ ታገሱኝ።

ስለ ስም ላወራችሁ ነው። እኔ ሦስት ስም አለኝ። መታወቂያዬ ላይ ያለው ጽጌ ነው። የክርስትና ስሜን የሚያውቁት ቤተሰቤና የንስሐ አባቴ ናቸው። አያቴ ደግሞ እስከ ዛሬ «ሚሚዬ» ነው የምትለኝ። ከሦስቱ አንዱንም እኔ አልመረጥኩትም። ራሴ ያወጣሁት ስም የቴሌግራም ዩዘርኔሜ ብቻ ነው፤ ሰው ያለ ስልክ ቁጥር የሚያገኘኝ፣ ከአት (@) ምልክት ቀጥሎ የሚጻፈው ስም ማለቴ ነው። እሱንም አበላሸሁት።

ቴሌግራም ዩዘርኔም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። እኔ ትንሽ ዘግይቼ፣ ካምፓስ እያለሁ ነው ያወጣሁት። ስሜን በፊደላችን ልጽፍ ብል አይቀበልም። የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና አንደርስኮር ብቻ ነው። ከአምስት ማነስ ደግሞ የለበትም። «ጽጌ» በላቲን ስትጻፍ ልክ አምስት ትሆናለች፤ ደስ አለኝ። ወዲያው ተይዟል አለኝ።

የኛ ጣጣ እዚህ ላይ ይጀምራል። «ጌ»ን እንዴት ነው የምትጽፉት? በኢ ብቻ? አይ ተጨምሮበት? «ጽ» ላይስ አይ ነው ኢ? አንዱን ስም እኔ በአንድ ዓይነት፣ አስተማሪዬ በሌላ፣ የፓስፖርት ጸሐፊው ደግሞ በራሱ መንገድ ይጽፉታል። የሞከርኩትን ሁሉ ሌላ ጽጌ ቀድማኛለች። በመጨረሻ ጓደኛዬ «የተወለድሽበትን ዓመት ጨምሪበት» አለችኝ። 86 ጨመርኩ። ከፊቱ ደግሞ «ቆንጆዋ» የሚል አስገባሁ። አትሳቁ፣ ልጅ ነበርኩ።

ዋሽንግተን ያለችው የአክስቴ ልጅ ስትፈልገኝ ሁልጊዜ 94 ብላ ነበር የምትጽፈው። በነሱ አቆጣጠር ልክ ናት እኮ! ማን እንደሆነ የማላውቀው ሰው ስንት ሰላምታ እንደደረሰው እንጃ።

አሁን ሳስበው ዓመቱን ማስገባቴ ነው የሚቆጨኝ። ዕድሜዬን ለማንም እየነገርኩ ነበር የምዞረው።

ለነገሩ ዩዘርኔም ያወጣሁት ስልኬን ለመደበቅ ነበር። ሴቶች ታውቁታላችሁ። ለአንድ ሥራ ብለሽ ቁጥር ትሰጫለሽ፣ ማታ አራት ሰዓት ላይ «ተኛሽ እንዴ?» ይመጣል። ግን ዩዘርኔም ማውጣት ብቻውን ቁጥር አይደብቅም። ይህን ያወቅኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ሴቲንግ ውስጥ፣ ፕራይቬሲ የሚለው ጋ ገብታችሁ፣ ቁጥሬን ማንም አይይ ማለት አለባችሁ። ከሥሩ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፤ ቁጥርሽን የያዘ ሰው በቁጥሩ ያግኝሽ ወይ ይላችኋል። እሱንም ኮንታክቶቼ ብቻ በሉት። ሲግናል የሚባለው የመልእክት መላላኪያ አፕም እ.ኤ.አ. በ2024 ዩዘርኔም ጀምሯል። እዚያ መጨረሻው ላይ ቢያንስ ሁለት ቁጥር ግድ ነው። ለኔ ተመችቶኛል፣ ቆንጆ ስም ለመሻማት ማንም አይጋፋም። ቴሌግራም ላይ ግን አጫጭር ስሞች በጨረታ እስከመሸጥ ደርሰዋል።

ወደ ጉዴ ልመለስ። ከሦስት ዓመት በፊት ቤት ውስጥ ኬክ እየጋገርኩ መሸጥ ጀመርኩ። «ቆንጆዋ 86» ብዬ የሠርግ ኬክ ልሸጥ አልችልም። ቀየርኩት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ችግሩ፣ በአሮጌው ስም ያሳተምኩት ሦስት መቶ ስቲከር ነበረኝ፤ ግማሹ ካርቶን ላይ ተለጥፎ ከተማውን ዞሯል። ስም ስትለቁ ደግሞ ባዶ ሆኖ አይቀመጥም። ሌላ ሰው ሊያነሳው ይችላል።

አነሳው። የኔን ኬክ ፎቶ ለጥፎ፣ ከላይ በአማርኛ «ጽጌ ኬክ» ብሎ ጻፈበት። ከላይ የሚታየውን ስም ማንም እንደፈለገ መጻፍ ይችላል። ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆነው ከአት ምልክቱ ቀጥሎ ያለው ነው። አንዲት ደንበኛዬ ለልጇ ልደት 800 ብር ቀብድ ላከችለት። ቅዳሜ ጠዋት ደውላ «ጽጊዬ፣ ልመጣ ነው፣ ደርሷል አይደል?» አለችኝ። ምድጃው እንኳን አልሞቀም ነበር።

ጋገርኩላት። ቀብዱንም እንደተቀበልኩ ቆጠርኩት። ምን ላድርግ፣ ስቲከሩ የኔ ነው።

አሁን አንድ ዘዴ አለኝ። አዲስ ስም ስይዝ አሮጌውን ቶሎ ብዬ በባዶ ቻናል እይዘዋለሁ። «ወደዚህ ተዛውሬአለሁ» የሚል አንድ መስመር እጽፍበታለሁ። ሌላው የምትጠነቀቁት ደግሞ የላቲኑ ትልቁ አይ (I) እና ትንሹ ኤል (l) ነው፤ ስክሪን ላይ መንትያ ናቸው። ብር ከመላካችሁ በፊት ስሙን ራሳችሁ ጻፉት እንጂ የመጣላችሁን ሊንክ አትመኑ።

አዲሱን ስም የመረጥኩት በስልክ ለመናገር እንዲቀል አድርጌ ነው። ቁጥር የለው፣ አንደርስኮር የለው። «ከታች ሰረዝ አለው» እያልኩ ታክሲ ውስጥ መጮህ ሰልችቶኛል።

ባለፈው እሁድ እማዬን በደንብ አስጠናኋት። ሰው ኬክ ከጠየቀሽ ይህን ስጪ፣ ቁጥሬን አትስጪ አልኳት። ወረቀት ላይ በትልልቁ ጻፍኩላት። ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈችው። ማክሰኞ ዕለት ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። ከማኅበሯ አንዷ እናት ናቸው። «ልጄ፣ እናትሽ ናት የሰጠችኝ። ወረቀት ላይ ያለው እንግሊዝኛ ነው፣ አይገባሽም ብላ ቁጥርሽን ሰጠችኝ» አሉኝ።