ምን በልተህ ነው?

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ደሴን ዝናብ ይዟታል፤ ከኋላዬ ቆርቆሮ ሲንኳኳ ከሰማችሁ እሱ ነው። ቶሳ ከጠዋት ጀምሮ ጉሙን እንደተከናነበ ነው። እኔም ጋቢዬን ተከናንቤ ነው የማወራችሁ።

የማወራው ስለ አንጀቴ ነው። አዎ፣ ስለ አንጀቴ። ምሳ ላይ ያላችሁ ጨርሳችሁ ተመለሱ፣ አልቀየምም።

ከሐረጎ ልጀምር። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣውን መንገድ የሄዳችሁበት ታውቁታላችሁ፤ አንዱን ኩርባ ሳይጨርስ ሌላውን ይጀምራል። ጊዜው 2008 ነው። ሚኒባስ ውስጥ፣ መጨረሻ ወንበር፣ ጥግ ላይ ተጣብቄያለሁ። ሆዴን ድንገት ጨመደደኝ። ቁርጠት ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። ይሄኛው ግን ጊዜ አይሰጥም፤ ቢሰጥ ሁለት ደቂቃ ነው። «ወራጅ አለ!» አልኩ። ረዳቱ ዞር ብሎ አየኝ። «እዚህ? ገደል እኮ ነው።» «ገደልም ቢሆን አውርደኝ» አልኩት። አንዲት እናት «ኧረ አውርደው፣ ልጁን ላብ አጥምቆታል» ብለው ተቆጡልኝ። ወርጄ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባሁ። ዝርዝሩን ልተወው። ደም ነበረው፣ ብዙ ደም።

ስመለስ መኪናው ቆሞ ይጠብቀኛል። አንድም ሰው አልሳቀም። እኚያ እናት የውሃ ጠርሙሳቸውን አቀበሉኝና «አብሽር ልጄ» አሉኝ። ቀጠል አድርገው ደግሞ «ምን በልተህ ነው?»

ይቺን ጥያቄ እናቴ ትጠይቀኛለች። ጎረቤት ይጠይቀኛል። ሥራ ቦታ እጠየቃለሁ። ከሁሉም በላይ እኔው ራሴን እጠይቃለሁ። ለዓመታት እንደሷ ያሳሳተኝ ነገር የለም።

መጀመሪያ አሜባ ነው ተባልኩ። እዚህ አገር ደምና ንፍጥ የቀላቀለ ተቅማጥ ይዞት ሰገራ ያስመረመረ ሰው ቀድሞ የሚሰማት ቃል እሷ ናት። አይፈረድም፤ አሜባ እውነትም አለ፣ ምልክቱም ይመሳሰላል። ግን በአንድ ዓመት ውስጥ 4 ጊዜ? ሜትሮኒዳዞል ውጬ ውጬ አፌ ሳንቲም ሳንቲም ይለኝ ጀመር። ሳምንት ሻል ይለኛል፣ ከዚያ ያው ነው። 62 ኪሎ የነበርኩት 51 ገባሁ። ሥራዬ ማስተማር ነው፣ ጂኦግራፊ። አንድ ፔሬድ 40 ደቂቃ ነው። 40 ደቂቃ መቆም ሲያቅተኝ ሰሌዳውን በማስታወሻ ሞልቼ፣ «ገልብጡ» ብዬ መሮጥ ለመድኩ። ልጆቹ «ሯጩ» የሚል ስም አወጡልኝ። እኔ የማላውቅ ይመስላቸው ነበር።

በመጨረሻ አዲስ አበባ ሂድ ተባልኩ። 400 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ፣ በዚያ ሆድ! ከዋዜማው ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። ኮሎኖስኮፒ ተደረገልኝ። ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቱቦ ነው፤ በፊንጢጣ ገብቶ ትልቁን አንጀት ያያል፣ ለምርመራ ናሙናም ይቆርጣል። ሐኪሟ ስክሪኑ ላይ አሳየችኝ። ሕፃን ልጅ ወድቆ ጉልበቱ ሲላጥ አይታችኋል? እንደዚያ ነው። ቀልቷል፣ እዚህም እዚያም ይደማል። «አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ ነው» አለችኝ።

የአንጀት መቆጣት ከሚባሉት በሽታዎች ዋናዎቹ ሁለት ናቸው፤ ይሄ የኔውና ክሮንስ። የኔው ከፊንጢጣ ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣል እንጂ ከትልቁ አንጀት አያልፍም። የሚያቆስለውም የውስጠኛውን ሽፋን ነው። ክሮንስ ግን ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የፈለገው ቦታ ያርፋል፣ ግድግዳውንም ዘልቆ ይገባል። እኛ አገር ክሮንስ ከአንጀት ቲቢ ጋር ስለሚመሳሰል ሐኪሞችን ያስቸግራል። ቲቢ ያለበትን ሰው ክሮንስ ነው ብለው መከላከያውን የሚያዳክም መድኃኒት ቢሰጡት ቲቢው እሳት ይሆናል። ለዚህ ነው ብዙ የሚመረመረው። ሁለቱም ላይ የሰውነት መከላከያ የገዛ አንጀቱን ነው የሚወጋው። አይተላለፍም። ይሄን ጮክ ብዬ ነው የምለው፤ ብርጭቆዬን ለብቻ ያስቀመጡልኝ ዘመዶች ስላሉ።

ያን ቀን ሐኪሟን «ግን ምን በልቼ ነው?» አልኳት። ሳቀች። «ምንም። በርበሬው አይደለም ያመጣብህ።» አላመንኳትም።

ደሴ ስመለስ ደብተር ገዛሁ። ሁለት ዓምድ አሰመርኩ። በአንዱ የበላሁትን፣ በሌላው በቀን ስንቴ እንደወጣሁ እጽፋለሁ። ሽሮን ከሰስኩ። ጎመንን ከሰስኩ። ወተትን ከሰስኩ። ቀጥዬ ቡናን ከሰስኩ፤ እስኪ አስቡት፣ ወሎ ተወልዶ ቡናን መክሰስ! ጎረቤታችን እትዬ ደግሞ አብሽ ዘፍዝፈው እያመጡ «አብሽህን ጠጥተህ አብሽር» ይሉኝ ነበር። ለቃሉ ስል ጠጣሁት። የቀረኝ ሩዝና ድንች ብቻ ሆነ። ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታል፣ ፊቴ ነጣ። ደም ማነስ ነበር። ግማሹ ከሚደማው አንጀት ነው፣ ግማሹ ከራሴው ሳህን። ሐኪሟ ደብተሩን አገላብጣ «በሽታው የጀመረውን አንተ ልትጨርሰው ነው?» አለችኝ።

ከዚያ ድግሱ አለ። እኛ ጋ «በቃኝ» ቋንቋ አይደለም። «በሞቴ» ብላ ጉርሻ ይዛ ለቆመች አክስት አንጀቴ ቆስሏል አይባልም። ስለዚህ «ጾመኛ ነኝ» እላለሁ። ሰኞ ጾመኛ ነኝ፣ ሐሙስ ጾመኛ ነኝ። ሰፈሩ እንደ ሼህ ያየኝ ጀመር። የሚገርመው ረመዷን ሲመጣ በሽታው ተነስቶብኝ መጾም አልቻልኩም። ለታመመ ሰው መፈቀዱን አውቃለሁ፤ እትዬም በነሱ በክርስቲያኖቹ በኩል ያው እንደሆነ ነግረውኛል። ሆኖም ጓዳ ገብቼ፣ በር ዘግቼ ነበር ክኒኔን የምውጠው። የውሸት ጾሜን በአደባባይ፣ የእውነት ሕመሜን በጓዳ።

አሁን ስለ ክኒኗ ላውራችሁ፣ ምክንያቱም ዋናዋ እሷ ናት። ሰልፋሳላዚን ትባላለች፣ ቢጫ ናት። ያሠራቻት ናና ስቫርትዝ የምትባል ስዊድናዊት ሐኪም ናት፤ ለመገጣጠሚያ በሽታ ብላ። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ለቆሰለ አንጀትም እንደምትበጅ ታወቀ። አሠራሯ እንደ ጂኦግራፊ መምህር ይማርከኛል። ሁለት ነገሮች ተሳስረው ነው የሚጓዙት። ጨጓራን ያልፋሉ፣ ቀጭኑን አንጀት ያልፋሉ። ትልቁ አንጀት ሲደርሱ እዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ማሰሪያውን ይፈቱታል፤ መድኃኒቱ ቁስሉ ላይ ይራገፋል። ሽንትን ብርቱካን ታስመስላለች፣ አትደንግጡ። ፎሊክ አሲድ አብሮ ይታዘዛል። ወንዶች ደግሞ ስሙኝ፤ የወንድ ዘርን ቁጥር ትቀንሳለች፣ ሲያቆሟት ይመለሳል። ልጅ የምትፈልጉ ከሆነ ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ ሜሳላዚን የምትባል ይሄ ጣጣ የሌለባት እህት አለቻት። በራሳችሁ ግን አታቋርጡ።

እኔ አቋረጥኩ። 2011 ላይ። ሁለት ዓመት ደህና ነበርኩ፤ ደህና ሰው ምን ክኒን ያስውጠዋል? ከአራት ወር በኋላ ደሙ መጣ። ወዲያው የአንድ ሰርግ ጥሬ ሥጋን ከሰስኩ። ደብተሬ ውስጥ የመድኃኒት ዓምድ አልነበረማ!

ያነቃኝ 2014 ነው። በጥቅምት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ። እኔና እናቴ በአንድ ቦርሳ ወጥተን ደብረ ብርሃን ገባን። ቦርሳው ውስጥ ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? ደብተሩ። ክኒኑን ጠረጴዛ ላይ ረስቼ ደብተሩን ይዣለሁ። ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞርኩ፣ አላገኘሁም። የምንበላው ዳቦ በሻይ ነው፣ አንዳንዴ ሩዝ። በርበሬ የለ፣ ጎመን የለ፣ ወተት የለ፣ ሰርግ የለ። ደብተሬ ላይ ገጽ ሙሉ «ዳቦ፣ ሻይ። ዳቦ፣ ሻይ» ይላል። በአምስተኛው ሳምንት በቀን 7 ጊዜ፣ ከነደሙ። ደብተሩን ይዤ ተቀመጥኩ። የምከሰው አጣሁ። ጭንቀቱስ ትሉኛላችሁ። ጭንቀት እንደሚያባብስ አልክድም፤ ያኔ ያልተጨነቀ ማን አለ? ግን ያን ማታ እስክሪብቶ አንስቼ ሦስተኛ ዓምድ አሰመርኩ። «የዋጥኩት» ብዬ ጻፍኩበት። ከላይ እስከ ታች ባዶ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ ፕሬድኒሶሎን የሚባል፣ የሰውነትን ሆርሞን የሚመስል መድኃኒት ተጀመረልኝ። የኔው በቀን 8 ፍሬ ነበር፣ ማለትም 40 ሚሊ ግራም፤ በየሳምንቱ አንድ ፍሬ እየተቀነሰ። የሌላ ሰው ልክ ሌላ ነው፣ እንዳትገለብጡት። ባንዴ አይቆምም፤ ሰውነት የራሱን ሆርሞን ማምረት ትቶ ስለሚቆይ ቀስ በቀስ ነው የሚወረደው። እሳቱን ያጠፋል እንጂ ለዘለቄታው አይሆንም፤ ስኳር ይጨምራል፣ አጥንት ያሳሳል። እንቅልፌን ወሰደው። ፊቴን እንደ ድፎ ዳቦ ነፋው። በዚያ ሰሞን ፒያሳ ያገኘኝ ሁሉ «ማሻአላህ፣ ተመቸህ!» ይለኛል። በሕይወቴ ያን ያህል ተመስግኜ አላውቅም።

የመጨረሻው 2016 ነው። ክኒኔን እየዋጥኩ ተነሳብኝ። ወገቤን አሞኝ ዳይክሎፌናክ ገዝቼ አንድ ሳምንት ወስጄ ነበር። እሷና ኢቡፕሮፌን በሽታውን ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። አሁን ለሕመም ፓራሲታሞል ነው የምወስደው።

ታዲያ ምግብ ምንም ነው? አይደለም። በሽታውን አያመጣውም ማለት፣ በተነሳ ጊዜ ያገኘኸውን ብላ ማለት አይደለም። ሲነሳብኝ እናቴ አንድ ብረት ድስት አላት፣ ለኔ ብቻ። ሩዙን እስኪላሽቅ ትቀቅለዋለች፣ ጨው ጣል፣ ዘይት ጠብ። ካሮት ልጣ ታበስላለች። ከሐይቅ ዓሣ ሲመጣ አጥንቱን በጣቷ እየለቀመች ሥጋውን ብቻ ትጨምርበታለች፤ አንድ አጥንት ካመለጣት ለራሷ ታጉረመርማለች። እንቁላል፣ ሙዝ፣ ነጭ ዳቦ። ትንሽ ትንሽ፣ በቀን 5 እና 6 ጊዜ። ሰውነት ሲቆስል ፕሮቲን ይፈልጋል፤ ሩዝና ድንች ብቻ ይዤ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ቆሎ፣ ንፍሮ፣ ጥሬ ሰላጣ፣ ሚጥሚጣ ያን ሰሞን ይቀመጣሉ። ሚጥሚጣ ቁስሉን አይሠራውም፤ ሲወጣ ግን ያስለቅሳል። ፈሳሽ ደግሞ የግድ ነው፤ ኦ.አር.ኤስ.፣ ያ በውሃ የሚበጠበጠው ጨውና ስኳር፣ የሕፃናት ብቻ አይደለም። ደሙ ቆሞ ሁለት ሦስት ሳምንት ሲሆነኝ አንድ አንድ ነገር እመልሳለሁ። መጀመሪያ አልጫ፣ ከዚያ ሽሮ። የጤፍ እንጀራ ለኔ ተስማምቶኛል፣ ቆላ የሚበላው የማሽላ እንጀራ ያስቸግረኛል። ሌላው ሰው ተቃራኒ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ግን በሩዝ አይመለስም። እ.ኤ.አ. በ1955 ትሩላቭና ዊትስ የተባሉ የኦክስፎርድ ሐኪሞች ያወጡት መለኪያ አለ፤ ዛሬም ይሠራበታል። በቀን 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ደም ያለበት ተቅማጥ፣ በዚያ ላይ ከ37.8 በላይ ትኩሳት፣ ወይ ከ90 በላይ የልብ ምት፣ ወይ የደም ማነስ ካለ ከባድ ነው፣ ሆስፒታል የሚያስተኛ። እቤት ተኝታችሁ «ያልፋል» አትበሉ።

ድግስ ላይ አሁን አልዋሽም። «አክስቴ፣ አንጀቴ ቁስል አለበት፣ በሞትሽ አልጫውን አጉርሽኝ» እላለሁ። ወዲያው ታጎርሰኛለች። እኔ ያን ያህል ዓመት የፈራሁት ይሄንን ነበር።

ጠዋት ጠዋት ቁርስ ከበላሁ በኋላ እናቴ ቡና ታፈላለች። ረከቦቱ ላይ አንዲት ጆሮዋ የተሰበረ ሲኒ አለች፣ ቡና የማይቀዳባት። ሁለቱን ቢጫ ክኒን እዚያ ውስጥ ታስቀምጣቸዋለች። አቦሉን ከመቅዳቷ በፊት ሲኒዋን ወደኔ ገፋ ታደርጋታለች። ማታም እንደዚያው። ከቤት ርቄ ከዋልኩ ትደውላለች። ድሮ ስትደውል «ምን በላህ?» ነበር የምትለኝ። አሁን ሰላምታም የለ፤ «ዋጥክ?» ብላ ትዘጋዋለች።