የኢኑይት የቆዳ ልብስ ቅድና ስፌት፦ በዓመታዊ ጉባኤያችን የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከሰሜን ካናዳ ግዛት ከኑናቩት ድረስ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ፣ የአርክቲክ ነባር ሕዝብ የሆናችሁ ኢኑይት እናቶቻችን፣

እንኳን በሰላም መጣችሁ። በካናዳ የምንኖር የስፌትና የቆዳ ሥራ ባለሙያዎች የመሠረትነው ይህ ማኅበር የዘንድሮውን ጉባኤ ለኢኑይት የቆዳ ልብስ የሰጠው፣ ይህ ሙያ ከሰፊዎቹ እጅ ወጥቶ በሙዚየም መስታወት ውስጥ ብቻ እንዳይቀር ስለሚያሳስበን ነው።

ትናንት ማታ ከእንግዶቻችን አንዷ «ሲል» (seal) ከተባለው የባሕር እንስሳ ቆዳ የሚሠራውን፣ ውኃ የማያስገባውን ጫማ ስትሰፋ አጠገቧ ተቀምጬ አየሁ። መርፌዋ የአንደኛውን ቆዳ ግማሽ ውፍረት ብቻ ወግታ ትመለሳለች እንጂ ወደ ማዶ አትበሳውም፤ ከዚያ ቆዳውን ገልብጣ በሌላው በኩል ሁለተኛ ረድፍ ትሰፋለች። ክሩ ካሪቡ ከሚባለው የሰሜን አጋዘን ጀርባ የወጣ ጅማት በመሆኑ ሲርስ ያብጣል፤ ያበጠው ክርም መርፌው የበሳውን ቀዳዳ ራሱ ይደፍነዋል። ሠላሳ ዓመት መርፌ ይዣለሁ፤ እንዲህ ያለ ስፌት ግን በእጄ ሠርቼ አላውቅም።

የካሪቡ ጠጉር ውስጡ ክፍት ስለሆነ አየር ይይዛል፤ ሙቀቱን የሚጠብቀው ይኸው አየር ነው። ለልብስ የሚመረጠው በነሐሴና በመስከረም የታደነው ነው፤ ብርዱ ከጠና በኋላ የሚገኘው ወፍራምና ከባድ ስለሚሆን ለመኝታ ንጣፍ ይውላል። ልብሱ ድርብ ሲሆን፣ የውስጠኛው ጠጉር ወደ ገላ፣ የላይኛው ወደ ውጭ ይዞራል። ልኬቱም በዓይን፣ በስንዝርና በጣት እንጂ በወረቀት አልነበረም።

አማውቲ የሚባለውን የእናቶች ልብስ ተመልከቱ። እኛ በአንቀልባ ለምናዝለው ሕፃን እነርሱ ከልብሱ ጀርባ ኪስ ሰፍተውለታል፤ ትከሻው እንዲያ የሰፋውም እናቲቱ ልጇን ብርድ ሳያገኘው ከጀርባዋ ወደ ጡቷ እንድታዞረው ነው። ይህን ምክንያት የማያውቅ ቀዳጅ ትከሻውን አጥብቦ አሳመርኩት ሊል ይችላል።

ቅዱ ራሱ ጨርሶ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1972 በግሪንላንድ፣ ቂላኪትሶቅ በተባለ ስፍራ፣ ከ500 ዓመት በላይ የቆዩ የስምንት ሰዎች አስከሬን ከ78 የቆዳ ልብሶች ጋር ተገኝቷል። የዴንማርክ ብሔራዊ ሙዚየምም ከ2,000 የሚበልጡ የአርክቲክ ሕዝቦች የቆዳ ልብሶችን በፎቶግራፍ አንሥቶ፣ የአንዳንዶቹን ቅድ ጭምር ለሕዝብ አቅርቧል። ይህ ትልቅ ውለታ ነው። ነገር ግን የቅዱ ንድፍ ቆዳው እንዴት እንደሚፋቅና እንደሚለፋ፣ ለየትኛው የአካል ክፍል የትኛው የቆዳ ክፍል እንደሚሆን አያስተምርም፤ ያንን የምታስተምረው ሰፊዋ ናት።

ሙያው የተዳከመው በብዙ ምክንያት ነው። ልጃገረድ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ስፌት በምትለምድበት ዕድሜ ብዙ ልጆች ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ተወሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1983 የአውሮፓ አገሮች ያገዱት የግልገል «ሲል» ቆዳ ሆኖ ሳለ፣ የቆዳው ገበያ በጠቅላላ በመውደቁ ትልልቁን «ሲል» ለምግብ የሚያድኑት ኢኑይት አብረው ተጎዱ። በኑናቩት ባለችው በባፊን ደሴትም የካሪቡ ቁጥር ክፉኛ በማሽቆልቆሉ እ.ኤ.አ. በ2015 አደኑ ታግዶ፣ በኋላ በዓመት ለ250 ወንድ ካሪቡ ብቻ ተፈቀደ። ቆዳ በሌለበት ማን ምን ይለማመዳል?

ባለቤትነቱም መነሣት አለበት። በዚያው በ2015 አንድ የለንደን ፋሽን ቤት ከጥንት ፎቶግራፍ የአንድ ኢኑይት ሻማን (ከመናፍስት ጋር ይገናኛል የሚባል ሰው) ልብስ ጌጥ ገልብጦ፣ ቤተሰቡን ሳይጠይቅ ሹራብ አድርጎ ለገበያ አቀረበው፤ ቤተሰቡ ከተቃወመ በኋላ ይቅርታ ጠይቆ ሹራቡን ከሽያጭ አነሣ። ፓውክቱቲት የተባለው የኢኑይት ሴቶች ማኅበር አማውቲ የጋራ ሀብታቸው መሆኑ በሕግ እንዲታወቅ ለዓመታት ሲጥር ቆይቷል። ስለዚህ በዚህ አዳራሽ የሚነሣ ማንኛውም ቅድ ያለ ባለቤቶቹ ፈቃድ ከዚህ እንዳይወጣ፣ የማኅበራችን ገንዘብም ከቀረጻ ይልቅ በቅድሚያ ለአስተማሪዎቹ ክፍያና ለቆዳ ግዢ እንዲውል ለጉባኤው ሐሳብ አቀርባለሁ። ነገ ከሰዓት በኋላ ድምፅ እንሰጥበታለን።

አሁን መሐል ጠረጴዛው ላይ ጥሬ የካሪቡ ቆዳ ተዘርግቷል፤ ኡሉ የሚባለው ጎባጣ የሴቶች ቢላዋም ከጎኑ ነው። ወንበራችሁን ይዛችሁ ቅረቡ፤ ፎቶግራፍ ከማንሣታችሁ በፊት ግን እናቶቻችንን አስፈቅዱ። ጉባኤው ተከፍቷል።