የሞተ የኢርፎን ገመድ አትጣሉ
(በሞባይል ጥገና ሠልጣኞች ምረቃ ላይ ለማድረግ የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህራን፣ ወላጆች፣ ዛሬ የምትመረቁ ልጆች፤ እንኳን ደስ አላችሁ!

ንግግር አድርግ ስባል መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። እኔ አንገቴን ደፍቼ የስልክ ቦርድ ላይ ሳፈጥ የምውል ጠጋኝ ነኝ። ከሰው ጋር በደንብ የምከራከረው በዋጋ ብቻ ነው። ኋላ ግን ሳስበው፣ ሰው ለሚስቱ የማይነግረውን ለጠጋኙ ይነግራል። ስለ ስልክ፣ ስለ ብሉቱዝ፣ ስለ ቻርጀር ያለውን አስተያየት ሁሉ ባንኮኒዬ ላይ ተደግፎ ሲያወርደው ሃያ ዓመት ሊሆነኝ ነው። የሰማሁትን ይዤ መጣሁ። ጽፌ የመጣሁትም በምክንያት ነው፤ ካልጻፍኩ ማብቂያ የለኝም።

እኛ ሱቅ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ኦርጅናል ነው?» የሚል ነው። ስክሪኑ ኦርጅናል ነው? ባትሪው ኦርጅናል ነው? «ኦርጅናል ስትል ምን ማለትህ ነው?» ብላችሁ መልሳችሁ ጠይቁት። ትንሽ ያስብና «በቃ... የቻይና ያልሆነ» ይላችኋል። ይህን የሚለው ሰው እኮ አይፎን ይዞ ነው! አብዛኛው አይፎን የት እንደሚገጣጠም ስነግረው የሰደብኩት ያህል ይከፋዋል። ቴክኖ የያዘው ደግሞ ስልኩን የሚያወጣው ተሸማቆ ነው። «ለጊዜው ነው የያዝኩት» ይላል፣ ሳልጠይቀው። ለጊዜው የያዘው አራት ዓመት ሆኖታል። የቴክኖ ባለቤት የሆነው የቻይናዋ ሸንዘን ከተማ ኩባንያ ትራንሽን እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ ስልክ ገጣጥሟል። ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ በርካሽ ይዞልን የመጣው፣ ካሜራውንም ለጠቆረ ፊት ያስተካከለው እሱ ነው። ታዲያ ለእኛ ተብሎ የተሠራው ሳይሆን ለሌላ ሰው ተብሎ የተሠራው ነው ኦርጅናል የሚባለው?

እኔ ዕቃ ሲመጣልኝ የት ተሠራ አልልም። ይከፈታል ወይ? ነው የምለው።

አንዳንዶቻችሁ ኖኪያ 1100ን በእናቶቻችሁ እጅ አይታችኋታል። እ.ኤ.አ. በ2003 ወጥታ በዓለም ላይ ወደ 250 ሚሊዮን ገደማ ተሸጣለች። ጫፏ ላይ ባትሪ ነበራት፤ የሚበራውን ባትሪ ነው የምለው። ጀርባዋን በአውራ ጣት ገፋ ስታደርጉት ደግሞ ሌላው ባትሪ ይወጣል። ያ ባትሪ ቢኤል-5ሲ ይባላል። ስልኳ ከገበያ ከጠፋች ስንት ዘመኗ፣ ባትሪው ግን ዛሬም አለ። ትንንሾቹን ራዲዮኖችና ስፒከሮች ክፈቷቸው፤ ብዙዎቹ ውስጥ እሱን ታገኙታላችሁ። ለምን አልሞተም? ማንም ሰው በጥፍሩ አውጥቶ ሌላ ስለሚከትበት ነዋ።

አሁን ወደ ጆሮ እንምጣ።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2016 አፕል አይፎን 7ን ሲያስተዋውቅ የኢርፎን መሰኪያውን አወጣው። አንዱ ኃላፊያቸው መድረክ ላይ ቆሞ ምክንያቱን በአንድ ቃል ተናገረ፦ «ድፍረት» አለ። ድፍረቱስ ደፋር ነበሩ፤ በዚያው መድረክ ገመድ አልባውን ኤርፖድ አስተዋወቁ። ሌሎቹ ጥቂት ከሳቁባቸው በኋላ ተከተሏቸው። ዛሬ እኛ ዘንድ ነጭ ሆኖ ጆሮ ውስጥ የሚገባ ነገር ሁሉ ኤርፖድ ነው፣ ማንም ይሥራው ማን። ድሮ ብቻውን እያወራ የሚሄድ ሰው ስናይ አማትበን ነበር የምናልፈው። አሁን ጆሮውን እናያለን።

እኔን የብሉቱዝ ጠላት ነው እንዳትሉኝ። ሚኒባስ ውስጥ ተጣቦ ለቆመ ሰው፣ ስፖርት ለሚሠራ፣ እጇ ሊጥ ውስጥ እያለ ስልክ ለሚደወልላት እናት ገመድ የሌለው ነገር ግሩም ነው። ቅር የሚለኝ ሌላ ነው። ያቺ ነጭ ፍሬ ውስጥ ከጤፍ ትንሽ ከፍ የምትል ባትሪ አለች፤ እሺ፣ አጋነንኩ፣ ባቄላ ታህላለች። እንደ ማንኛውም ሊቲየም ባትሪ ትደክማለች። ሁለት ሦስት ዓመት በየቀኑ ከሠራች በኋላ አንድ ዘፈን ሳታስጨርስ «ጥዝ» ብላ ትዘጋለች። ሰውየው ይዟት ይመጣል። «ባትሪዋን ቀይርልኝ።» እንዴት ብዬ? በሙጫ ነው የታሸገችው። ለመክፈት መስበር አለብኝ። አይፊክስት የሚባሉት አሜሪካዊያን ጠጋኞች የመጀመሪያዋን ኤርፖድ ፈታተው ለጥገና አመቺነቷ ከ10 ዜሮ ነው የሰጧት። ዜሮ! እኔ እንኳን ለመያዣዋ ብዬ አንድ እሰጣት ነበር።

አይቻልም እንዳትሏቸው ደግሞ። ፌርፎን የሚባል የሆላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2024 የጆሮውም የመያዣውም ባትሪ የሚቀየርበት ገመድ አልባ ኢርፎን አውጥቷል። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2027 ጀምሮ የትንንሽ ዕቃዎችን ባትሪ ተጠቃሚው ራሱ ማውጣት መቻል አለበት የሚል ሕግ አውጥቷል። ቀደም ብሎ በቻርጀር አድርገውታል። ከታኅሣሥ 2024 ጀምሮ እዚያ የሚሸጥ አዲስ ስልክ በታይፕ ሲ ቻርጅ መደረግ አለበት። አይፎን ታይፕ ሲ ሲሆን «አዲስ ቴክኖሎጂ» ብላችሁ ያጨበጨባችሁ ካላችሁ፣ ጭብጨባው በከፊል የኅብረቱ መቀመጫ ለሆነችው ለብራስልስ ይገባል።

አሁን ራሴን የማጋልጥበት ታሪክ ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ከሱቄ ፊት ለፊት ያለውን ሕንፃ የሚጠብቁ አባት ነበሩ። ዱባይ የምትሠራ ልጃቸው አዲስ ስልክ ላከችላቸው፣ ከነገመድ አልባ ኢርፎኑ። በደስታ አሳዩኝ፣ እኔም መረቅኩላቸው። በሦስተኛው ቀን ፊታቸው ጠቁሮ መጡ።

«ራዲዮኑ አይሠራም» አሉኝ።

«ሌላው ሁሉ ይሠራል ጋሼ?»

«ሌላውን ምን አደርገዋለሁ?»

እውነታቸውን ነው። ሌሊቱን ሙሉ ከብርዱ ጋር የሚያነጋቸው ሸገር 102.1 ነው። ስልኩን ተቀበልኩ። ራዲዮኑን ስከፍተው ስክሪኑ ላይ አንድ ጽሑፍ ብቅ አለ። አላነበብኩትም። ባለሙያ ነኛ! ጽሑፍ ምን ያደርግልኛል? ካቻቢቴዬን አነሳሁ፣ ጀርባውን አሞቅሁ፣ ከፈትኩ። ቴስተሬን ይዤ መስመር ለመስመር ሄድኩ። ሁለት ሰዓት ፈጀሁ። ምንም የለም። አይሲው፣ ማለትም የራዲዮኑ ቺፕ፣ ሞቷል ልላቸው አፌን ስከፍት፣ አጠገቤ ሥራ የሚለምደው ልጅ ስክሪኑን አንገቱን አስግጎ አይቶ፣

«ኢርፎን ይሰኩ ነው እኮ የሚለው» አለኝ።

ከመሳቢያ አንድ አሮጌ ባለገመድ ኢርፎን አውጥቶ ሰካ። ራዲዮኑ ተናገረ። እኔ ዝም አልኩ።

እንግዲህ ይሄ ነገር በትምህርታችሁ ላይ ካልተነገራችሁ ዛሬ ስሙኝ። ኤፍ ኤም ወደ 100 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው የሚሠራው። የሞገዱ ርዝመት 3 ሜትር ገደማ ነው። ደህና አንቴና ልሥራ ብትሉ ሩቡን፣ 75 ሳንቲ ሜትር ያህል ሽቦ ትፈልጋላችሁ። ይህን የሚያህል ሽቦ ስልክ ውስጥ የት ይገባል? መሐንዲሶቹ ብልሆች ናቸው፤ ሰውየው ለመስማት ብሎ ከሚሰካው ገመድ ተበደሩ። የኢርፎኑ ገመድ ራሱ አንቴና ነው። ብሉቱዝ ደግሞ 2.4 ጊጋኸርዝ ነው፤ ሞገዱ 12 ሳንቲ ሜትር ተኩል አይሞላም። አንቴናው ጥፍር ላይ ይሰፍራል። በጆሮ የሚገባ ዕቃ መሥራት የተቻለውም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። መቼም በነጻ የሚገኝ ነገር የለምና፣ ሰውነታችን አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ይህን ሞገድ ይውጠዋል። ስልካችሁን የኋላ ኪሳችሁ ከትታችሁ ዘፈኑ እየተቆራረጠ «ይሄ የቻይና ዕቃ!» ብላችሁ ታውቃላችሁ? ጥፋቱ የራሳችሁ ነው። የመቀመጫችሁ። ወደ ደረት ኪስ አምጡትና ሞክሩት።

ለጋሼ ምን አደረግንላቸው መሰላችሁ? ድምፅ የማይሰጥ፣ የሞተ ኢርፎን ወሰድን። የጆሮውን ፍሬዎች ቆርጠን ጣልን። ገመዱን ብቻ ሰካንላቸው። ድምፁ በስልኩ ስፒከር ይወጣል፣ ገመዱ አንቴና ሆኖ በካፖርታቸው ላይ ይንጠለጠላል። ገንዘብ አልተቀበልኩም፤ በየትኛው ዓይኔ? ልጃቸው የላከችው ነጭ ኢርፎን ከነካርቶኑ ተቀመጠ፣ ለበዓል ይመስለኛል።

ስለ ገመድ ብዙ አወራሁ፤ ስለ ፓወር ባንክ ሳልናገር ግን አልወርድም። መብራት በሄደ ቁጥር ሰው የሚገዛው እሱን ነውና።

ደንበኛ «10 ሺህ ነው ተብዬ ገዛሁ፣ ስልኬ 5 ሺህ ነው፣ ለምን ሁለቴ አይሞላም?» ብሎ ይመጣል። ተታልሎ ላይሆን ይችላል። ያ 10 ሺህ ሚሊአምፕ ሰዓት የተለካው ውስጥ ባለው ባትሪ በ3.7 ቮልት ነው። በዩኤስቢ የሚወጣው ግን 5 ቮልት ነው። 10 ሺሁን በ3.7 አባዙና ለ5 አካፍሉት፤ 7,400 ይመጣል። ሲቀየር በሙቀት የሚባክነውን ስትቀንሱ 6 ሺህ ምናምን ቢደርሰው ነው። ይህን ቁጭ አድርጋችሁ በወረቀት አስሉለት። እኔ ሳሰላለት ተጨቃጭቆኝ የማያውቅ ሰው የለም፣ ተመልሶ ያልመጣ ደንበኛ ግን ትዝ አይለኝም።

የሚታለልም አለ። 50 ሺህ የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ ከእጅ መዳፍ የማይበልጥ ፓወር ባንክ አንዴ መጣልኝ። ሲይዙት ከበድ ይላል። ከፈትኩት። አንዲት ክብ ባትሪና በላስቲክ የተቋጠረ አሸዋ! ደህና የሚባለው ያ ክብ ባትሪ ከ3,500 ብዙም አይዘልም። ለ50 ሺህ አሥራ አራት ያህል ያስፈልግ ነበር፤ ያ ደግሞ ጡብ ነው የሚያክለው። ባለቤቱ አሸዋውን አይቶ ሳቀ፣ ከዚያ ዝም አለ፣ ከዚያ «ግጠመውና መልሰህ ስጠኝ» አለኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ለሌላ ሰው እንዳልሸጠው ተስፋ አደርጋለሁ።

ያበጠ ባትሪ ሲመጣላችሁ ግን ቀልድ የለም። በመርፌ አትውጉት፣ በካቻቢቴ አትፈልቅቁት፣ «ትንሽ ይቆይልኝ» ቢላችሁም እሺ አትበሉት። ሲቀጣጠል ከጠረጴዛ የምትሸሹበት ጊዜ አይሰጣችሁም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ወላጆች፣ እናንተንም ነው። ልጆቻችሁ ነገ ሱቅ ሲከፍቱ የመጀመሪያው ደንበኛ ዘመድ ነው። ከውጭ አክስት የላከችውን ስልክ ይዞ ይመጣል፤ «ፓተርኑ ጠፋብኝ፣ ክፈትልኝ» ይላል። የማን እንደሆነ ይጠይቁት፤ ዘመድም ቢሆን። «ደግሞ አንተ ብለህ ብለህ እኔን ትጠረጥራለህ?» ብሎ ይቆጣል። ይቆጣ። ስልኩ የሱ ከሆነ ካርቶኑን ወይ ደረሰኙን ይዞ በማግሥቱ ይመጣል። ካልሆነ አይመጣም።

በሩ ጋ አንድ ካርቶን አስቀምጫለሁ። ለዓመታት በሱቄ የተጠራቀመ የሞተ ኢርፎን ነው። ስትወጡ እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ውሰዱ። ገመዱን ስትልጡት ውስጡ ቀይ፣ አረንጓዴና የመዳብ ቀለም ያለው፣ ከክር ጋር የተገመደ ቀጭን ሽቦ ታገኛላችሁ። የመበየጃውን ካውያና የሚቀልጠውን ስታኞ ይዛችሁ ለመበየድ ስትሞክሩ እምቢ ይላችኋል፣ ስታኞው እንደ ውሃ ጠብታ እየተንከባለለ ይወድቃል። ሽቦው ቀለም የተቀባ ስለሆነ ነው። ጫፉን በክብሪት ለኩሱት፣ ክሩና ቀለሙ ይቃጠል፣ በጨርቅ ጥረጉት፣ ከዚያ በይዱ። የቀኝና የግራው ቢቀየርባችሁ ምንም አይደለም። ከጠገናችሁትም በኋላ ሁለቱም ጆሮ የማያሰማላችሁ ካለ፣ ፍሬዎቹን ቆርጣችሁ ገመዱን ለሠፈራችሁ ጥበቃ ስጡት።

አመሰግናለሁ።